በሩን ማን ይዝጋ? የሳውዘርን ባቡር አድማ የጉዳይ ጥናት

ከለንደን ቪክቶሪያና ከለንደን ብሪጅ ተነስቶ ወደ ብራይተን፣ ኢስትቦርንና ሌሎች የደቡብ እንግሊዝ ከተሞች የሚሄደው የሳውዘርን ባቡር በሥራ ቀን 300,000 ያህል ሰው ያመላልስ ነበር። በ2016 እና በ2017 በዚህ መስመር ላይ የተነሳው የሥራ ክርክር በብሪታንያ ባቡር ታሪክ ረጃጅም ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ርዕሱ አጭር ነው፦ ባቡሩ ከጣቢያ ሲነሳ በሩን የሚዘጋው ኮንዳክተሩ ነው ወይስ ነጂው? ለአንድ በር ይህ ሁሉ ትርምስ ለምን ያለ ብዙ ነበር። ክርክሩን ያስነሳው እውነትም በሩ ነው፤ ያን ያህል ያስረዘመው ግን ኩባንያው ከመንግሥት ጋር የገባው ውል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተከራካሪዎቹ

ሳውዘርን የንግድ ስም ነው። በክርክሩ ጊዜ ባቡሩን ያስኬድ የነበረው ጎቪያ ቴምዝሊንክ ሬልዌይ፣ በአጭሩ ጂቲአር፣ ሲሆን ባለቤቶቹ የብሪታንያው ጎ-አሄድ (65 በመቶ) እና የፈረንሳዩ ኬኦሊስ (35 በመቶ) ነበሩ። ጂቲአር ቴምዝሊንክን በሴፕቴምበር 2014 ተረከበ፤ ሳውዘርንና ጋትዊክ ኤክስፕረስ በጁላይ 2015 ተጨመሩለት።

በሠራተኛው በኩል ያለው ማኅበር አንድ አይደለም። አርኤምቲ ኮንዳክተሮችን፣ የጣቢያ ሠራተኞችንና የሐዲድ ጥገና ሠራተኞችን ያቀፈ ነው፤ በጊዜው ዋና ጸሐፊው ሚክ ካሽ ነበሩ። አስሌፍ ደግሞ የነጂዎች ማኅበር ነው፤ ያኔ ዋና ጸሐፊው ሚክ ዊላን ነበሩ። የብሪታንያ ሕግ አንዱ ማኅበር ለሌላው ሲል ብቻ ሥራ እንዲያቆም አይፈቅድም። እያንዳንዱ ከራሱ አሠሪ ጋር የራሱ ክርክር ሊኖረው፣ የራሱን አባላት ድምፅ ማሰጠትና የራሱን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ የኋላው ታሪክ ብዙው ከዚህ የመጣ ነውና።

ሌላው ባለጉዳይ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ነው። በድርድሩ ጠረጴዛ አልተቀመጠም፤ ገንዘቡ ግን የእሱ ነበር።

የጂቲአር ዕቅድ እንዲህ ነው፦ 400 ያህል ኮንዳክተሮች «የባቡር ላይ ሱፐርቫይዘር» ተብለው ይመደባሉ፤ ደመወዛቸው አይቀነስም፣ የሚባረርም የለም። ትኬት ያያሉ፣ መንገደኛ ይረዳሉ፣ ለአካል ጉዳተኛ መወጣጫ ይዘረጋሉ። በሩን መክፈትና መዝጋት፣ ባቡሩንም ማስነሳት ግን ወደ ነጂው ይሄዳል። በዕቅዱ ውስጥ የነበረችው ትንሽ ዐረፍተ ነገር ሱፐርቫይዘሩ ካልተገኘ ባቡሩ ያለ እሱ መሄድ ይችላል የምትለው ናት።

በሩ ሲዘጋ የሚሆነው

እዚህ ላይ ያለው ኮንዳክተር እንደ አንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ብቻ መታየት የለበትም። ያለ እሱ ምልክት ባቡሩ አይነሳም ነበር። የቀድሞው አሠራር በተራ ይህን ይመስላል፦

ባቡሩ ሲቆም ኮንዳክተሩ ፉርጎው ውስጥ ባለው የበር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ቁልፉን አስገብቶ ያዞራል። ባቡሩ በሙሉ መሳፈሪያው ላይ መግባቱን ያያል፤ መሳፈሪያው ከባቡሩ ባጠረባቸው ጣቢያዎች ከመሳፈሪያው ውጭ የቀሩት ፉርጎዎች በሮች መከፈት የለባቸውም። ከዚያ በሮቹን ይለቃል። ወራጁ ወርዶ ተሳፋሪው ሲገባ እሱ መሳፈሪያው ላይ ይቆማል። የመነሻ ሰዓቱ ሲደርስና የምልክት መብራቱ ሲፈቅድ የራሱን በር ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን በሙሉ ይዘጋል። ቀጥሎ ያለው ሥራ የሁሉም ቁልፍ ነው፤ ባቡሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ይቃኛል። በር የያዘው ጣት፣ የኮት ጫፍ፣ የቦርሳ ማንገቻ፣ ባቡሩን ተደግፎ የቆመ ሰው አለ? ከሌለ ገብቶ የራሱን በር ይዘጋና ለነጂው ሁለት ጊዜ ይደውላል። ነጂው ሁለት ደውሎ ይመልሳል፣ የበሮች መቆለፊያ መብራት መብራቱንና ምልክቱን ራሱ ያያል፣ ይነሳል።

በአዲሱ አሠራር ይህ ሁሉ ከነጂው ወንበር ሳይነሱ የሚሠራ ነው። ሳውዘርን በብዛት የሚጠቀምበት ኤሌክትሮስታር ባቡር በፉርጎዎቹ ጎን ካሜራዎች አሉት፤ ምስሉ ነጂው ፊት ባሉት ስክሪኖች ላይ ይመጣል። ነጂው በሩን ይለቃል፣ ምስሎቹን እያየ ይዘጋል፣ ከተዘጋም በኋላ እንደገና ያያል፣ የመቆለፊያ መብራቱን አረጋግጦ ይነሳል። አስሌፍ በተለይ ባለ 12 ፉርጎ ባቡር ላይ አጥብቆ ያነሳ የነበረው ነገር ነጂው በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ 24 ትናንሽ ምስሎችን እንዲያይ ይጠበቃል የሚል ነበር። ፀሐይ ሌንሱ ላይ ስትወድቅ፣ ሲዘንብ፣ መሳፈሪያው ጨለማ ሲሆን ምስሉ ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም።

ክርክሩን ለመረዳት ስለ መቆለፊያ መብራቱ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። መብራቱ የሚበራው የሁሉም በሮች የኤሌክትሪክ ዑደት ሲገናኝ ነው። የበሩ ጠርዝ ግን ጎማ ነው፤ ቀጭን ነገር ሲገባበት ይተጣጠፍለታል። ጣት ወይም ማንገቻ ተይዞም ዑደቱ ሊገናኝና መብራቱ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ በሩ መቆለፉን እንጂ ማንም አለመያዙን አይናገርም። በኤፕሪል 2015 ዌስት ዊክሃም ጣቢያ ላይ የአንዲት ተሳፋሪ የቦርሳ ማንገቻ በበር ተይዞ ባቡሩ ጎተታት። በጁላይ 2015 ሄይስ ኤንድ ሃርሊንግተን ላይ ደግሞ የሌላ ተሳፋሪ እጅ ተይዞ ባቡሩ ተነሳ። ሁለቱም ነጂው ብቻውን የሚያስኬዳቸው ባቡሮች ነበሩ፤ ሁለቱም ከሳውዘርን ውጭ በሌሎች ኩባንያዎች መስመር ላይ የደረሱ ናቸው። አርኤምቲ ደጋግሞ ያነሳቸዋል።

ኩባንያዎቹም መልስ አላቸው። በኦክቶበር 2011 ሊቨርፑል ጄምስ ስትሪት ጣቢያ ላይ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ባቡሩን ተደግፋ ሳለ ተነስቶባት ሞተች። ባቡሩ ላይ ጋርድ (የኮንዳክተሩ ሌላ ስም) ነበረ፤ የመነሻ ደወሉን የሰጠውም እሱ ነው። በ2012 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈርዶበት አምስት ዓመት ታሰረ። ሁለተኛ ሰው መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም የሚሉት በዚህ ነው።

በእኔ ግምት ይህ ፍርድ ከደህንነት ክርክሩ ይልቅ ሌላ ነገር ያሳያል። የመነሻ ምልክቱን የሚሰጠው ሰው ስህተት ከሠራ ወህኒ ይወርዳል። የበሩ ሥራ ከኮንዳክተሩ ወደ ነጂው ሲዛወር ይህም አብሮ ይዛወራል። የነጂዎቹ ተቃውሞ ከባልደረባ ፍቅር ብቻ የመጣ አልነበረም።

በጃንዋሪ 2017 የባቡር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሳውዘርንን አሠራር መርምሮ ተስማሚ መሣሪያ፣ ትክክለኛ ሥነ ሥርዓትና ብቁ ሠራተኛ ካለ ነጂው በሩን መቆጣጠሩ ደህንነቱ የተጠበቀ አሠራር ነው አለ። በዚያው ሪፖርት የካሜራ ምስል ጥራትና የአንዳንድ ጣቢያዎች መብራት እንዲሻሻል ጠየቀ። ኩባንያው «ደህና ነው» የሚለውን፣ ማኅበሩ «ካለ» የሚለውን ይዞ ሄደ።

ከበሩ ሌላ የኮንዳክተሩ ሥራ አደጋ ሲደርስ የሚታይ ነው። ባቡር ከሐዲድ ቢወጣና የጎረቤቱን መስመር ቢዘጋ፣ ሁለቱን ሐዲዶች በሽቦ የሚያገናኝ መቆንጠጫ ያስራል፤ የምልክት ሥርዓቱ መስመሩ ላይ ባቡር እንዳለ ቆጥሮ ቀይ ያበራል። ከዚያ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በ20 ሜትር ርቀት ሦስት የሚፈነዱ ማስጠንቀቂያዎችን ሐዲዱ ላይ ያስቀምጣል። ዛሬ ነጂው በሬዲዮው የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ተጭኖ በአካባቢው ያሉትን ባቡሮች ማስቆም ይችላል፤ ኩባንያዎቹ ይህ ሥራ ጊዜው አልፎበታል የሚሉት ለዚህ ነው። መንገደኛ ማረጋጋትን ግን ሬዲዮ አይሠራውም። በማርች 2018 ሉዊሸም አጠገብ በበረዶ ምክንያት የሌላ ኩባንያ ባቡሮች ለሰዓታት ቆመው ቀሩ። ሰዎች በራሳቸው በር ከፍተው ሐዲድ ላይ ወረዱ፤ በዚያ አካባቢ ከሐዲዱ ጎን 750 ቮልት የሚሸከም ሦስተኛ ሐዲድ አለ። እነዚያ ባቡሮች ላይ የነበረው ሠራተኛ ነጂው ብቻ ነው።

ኩባንያው ለምን ፈለገው?

ብዙ ጊዜ ደመወዝ ለመቆጠብ ነው ይባላል። ለረጅም ጊዜ ከታየ ሊሆን ይችላል፤ በቅርቡ ግን ደመወዙ አልተነካም። የዕለት ተዕለቱ ምክንያት የሠራተኛ ድልድል ነው። አንድ ባቡር ለመነሳት ነጂና ኮንዳክተር በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መሳፈሪያ ላይ መገናኘት አለባቸው። ጠዋት አንድ ምልክት ሲበላሽ ነጂው ብራይተን፣ ኮንዳክተሩ ክሮይደን ይቀራል፤ ባቡሩም ነጂው ፊቱ ላይ ተቀምጦ ይሰረዛል። ለስሌት ያህል እያንዳንዳቸው በሰዓቱ የመገኘት ዕድላቸው 98 በመቶ ቢሆን፣ ሁለቱም አብረው የመገኘት ዕድላቸው 96 በመቶ ብቻ ነው። በቀን 2,242 ባቡር ለሚያስኬድ መሥሪያ ቤት የሁለት በመቶ ልዩነት 45 ባቡር ማለት ነው።

ነጂው ብቻውን የሚሠራበት አሠራር በብሪታንያ አዲስ አልነበረም። በቤድፎርድና በለንደን መካከል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገብቷል፤ ያኔም አዲሶቹ ባቡሮች በዚሁ ክርክር ምክንያት ቆመው ከርመው ነው ሥራ የጀመሩት። በ2016 ከአገሪቱ የመንገደኛ ባቡሮች አንድ ሦስተኛ ገደማው በዚህ መንገድ ይሄዳል፤ የሳውዘርን የለንደን ውስጥ አጫጭር መስመሮችም እንዲሁ።

ውሉ

በጊዜው በተለመደው የብሪታንያ ውል ኩባንያው የትኬቱን ገቢ ራሱ ይወስድ ነበር፤ ለመንግሥት ይከፍል ወይም ድጎማ ይቀበል ነበር። አድማ ሲመጣ ገቢ ይቀርበት ነበር፤ ስለዚህ ለመታረቅ ይቸኩላል። የጂቲአር ውል እንዲህ አልነበረም። ለንደን ብሪጅ ጣቢያ እየፈረሰ እየተገነባ ስለነበር ገቢውን መገመት ከባድ ነው ተብሎ የማስተዳደር ውል ተሰጠው፦ የትኬቱ ገንዘብ በሙሉ ለትራንስፖርት ሚኒስቴር ይገባል፤ ሚኒስቴሩ ለኩባንያው በዓመት ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላል። ባቡር ባይሄድና ትኬት ባይሸጥ የሚጎድለው የመንግሥት ካዝና ነው። ኩባንያው የሚቀጣው የሥራ አፈጻጸም መለኪያውን ሲያጎድል ነው፤ ለዚያም በአድማ የተሰረዙ ባቡሮች ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ተሰርዘው እንዲቆጠሩለት መጠየቅ ይችላል። ጠይቋልም። ጉዳዩ የተቋጨው በጁላይ 2017 ሲሆን ጂቲአር 13.4 ሚሊዮን ፓውንድ ለመንገደኛ ማሻሻያ እንዲያውል ተወሰነ። ከአገልግሎት ክፍያው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

እንግዲህ ከማኅበሩ ጋር የሚደራደረው ወገን በአድማው ብዙ አይከስርም፤ የሚከስረው ወገን ደግሞ ከማኅበሩ ጋር አይደራደርም። አድማ ደግሞ አሠሪውን ኪሱ ላይ ካልነካው መንገደኛውን ብቻ ነው የሚጎዳ።

ሚኒስቴሩ ከዳር ተመልካች አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2016፣ አድማው ሳይጀመር፣ የመንገደኛ አገልግሎት ኃላፊው ፒተር ዊልኪንሰን ክሮይደን ላይ በተጠራ ሕዝባዊ ስብሰባ ከሠራተኞቹ ጋር ግጭት እንደሚመጣ፣ ሠራተኞቹ ዕዳ ስላለባቸው ለረጅም ጊዜ ሥራ ማቆም እንደማይችሉ ተናገሩ። ኋላ ይቅርታ ጠየቁ። አርኤምቲ ግን ከዚያ በኋላ ከማን ጋር እየተከራከረ እንደሆነ ለአባላቱ ማስረዳት አላስፈለገውም።

አድማው እንዴት ሄደ

የመጀመሪያው የኮንዳክተሮች አድማ ኤፕሪል 26 ቀን 2016 ነው። ቀጥሎ ኩባንያው የሕመም ፈቃድ በድንገት ጨመረ፣ ይህ ያልታወጀ አድማ ነው አለ፤ ማኅበሩ ደግሞ ችግሩ የሠራተኛ እጥረት ነው ብሎ መለሰ። ጁላይ 11 ላይ ጂቲአር የድንገተኛ ጊዜ መርሐ ግብር አውጥቶ በቀን 341 ባቡሮችን ሰረዘ፤ ከጠቅላላው 15 በመቶ ማለት ነው። በዚያው ሳምንት የባቡር ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታዋ ክሌር ፔሪ ሥራቸውን ለቀቁ። በኦገስት ለአምስት ቀን የተጠራው አድማ በሦስተኛው ቀን ቆመ፤ ንግግሩ ግን የትም አልደረሰም።

በኦክቶበር ኩባንያው ለእያንዳንዱ ኮንዳክተር የ2,000 ፓውንድ የአንድ ጊዜ ክፍያ አቀረበ። በዚያው ሰሞን መንገደኞች በትዊተር አርኤምቲን እንዲወቅሱ የሚጋብዝ ማስታወቂያ አወጣ። የመጣው መልስ አብዛኛው በራሱ በኩባንያው ላይ የወረደ ቁጣ ነበር፤ ከዚህ በላይ የከሸፈ ማስታወቂያ ማግኘት ይከብዳል። ማኅበሩ ገንዘቡን አልተቀበለም። ኩባንያውም የኮንዳክተርነት ውላቸውን የሚያቋርጥና በሱፐርቫይዘርነት አዲስ ውል የሚያቀርብ ደብዳቤ ላከላቸው። ብዙዎቹ እየተቃወሙ ፈረሙ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 አዲሱ አሠራር በሥራ ላይ ነበር።

የአርኤምቲ አቅም የተሸረሸረው እዚህ ላይ ነው። ኮንዳክተሩ ባቡር የማስነሳት ድርሻ በነበረው ጊዜ የቀረ እንደሆነ ባቡሩ ይቆማል። ሱፐርቫይዘር ከሆነ በኋላ ግን ቢቀርም ባቡሩ ይሄዳል። በ2017 ማኅበሩ አድማ በጠራባቸው ቀኖች ሳውዘርን አብዛኛውን ባቡሩን ያስኬድ ነበር፤ አድመኛው የቀን ደመወዙን ከማጣት ሌላ ያመጣው ለውጥ እያነሰ ሄደ። አርኤምቲ በዚህ መስመር ላይ በጠቅላላው ከ30 ቀን በላይ አድማ መትቷል።

የነጂዎቹ ነገር ሌላ ነው። ዲሴምበር 6 ቀን 2016 አስሌፍ ትርፍ ሰዓት መሥራት አቆመ። ይህ ብቻውን በርካታ ባቡሮችን አስቀረ፤ የብሪታንያ ባቡር ኩባንያዎች መርሐ ግብራቸውን የሚሞሉት ነጂዎች በዕረፍት ቀናቸው በፈቃዳቸው ሲገቡላቸው ነውና። አዲስ ነጂ ለማሠልጠን ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ጂቲአር ሥራውን ሲረከብ በቂ ነጂ አልነበረውም፤ የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤትም በጃንዋሪ 2018 ባወጣው ሪፖርት ሚኒስቴሩ ይህን አላጣራም ብሎ ወቅሷል። ዲሴምበር 13፣ 14 እና 16 ነጂዎቹ ሙሉ በሙሉ ሥራ አቆሙ። በመጀመሪያው ቀን ከ2,242 ባቡሮች አንድም አልሄደም። ኩባንያው አስቀድሞ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ አድማው ወደ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄዱ ሰዎችን በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በነፃ የመንቀሳቀስ መብት ይጥሳል የሚል ክርክር አቅርቦ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ይግባኝ ሰሚውም አልተቀበሉትም። በጃንዋሪ 10፣ 11 እና 13 አድማው ተደገመ።

አርኤምቲ በወራት ያላገኘውን ድርድር አስሌፍ በሳምንታት አገኘ። የማኅበራቱ የጋራ ድርጅት በሆነው በሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ አደራዳሪነት ጂቲአርና አስሌፍ ተቀመጡ፤ አርኤምቲ አልተጠራም። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017 ስምምነት ላይ ተደረሰ ተባለ። ቀጥሎ የሆነውን ማንም አልጠበቀም፤ ነጂዎቹ ራሳቸው በ54.1 በመቶ ድምፅ ስምምነቱን ጣሉት። የተሻሻለው በኤፕሪል ሲቀርብም በ51.8 በመቶ ውድቅ ሆነ። መሪዎቻቸው ሁለቱንም ጊዜ ተቀበሉት ብለዋቸው ነበር።

ኖቬምበር 8 ቀን 2017 ሦስተኛው ስምምነት በ79.1 በመቶ ጸደቀ። በአምስት ዓመት ውስጥ 28.5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ነበረው፤ የነጂው የዓመት ደመወዝ ከ49,000 ወደ 63,000 ፓውንድ ገደማ ያደርሰዋል። በበሩ በኩል ነጂው ሥራውን ተቀበለ፤ በምትኩ ቀድሞ ኮንዳክተር በነበረበት ባቡር ሁሉ በደህንነት የሠለጠነ ሁለተኛ ሰው እንዲኖር ተስማሙ፣ ከልዩ ሁኔታ በስተቀር።

«ልዩ ሁኔታ»

ነጂዎቹ ሁለት ጊዜ እምቢ ያሉበት ዋናው ነጥብ ይህ ሐረግ ነበር፤ ገንዘቡ የመጣው ኋላ ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ የሚጻፍበት ማንኛውም ስምምነት ጥቂት ነገሮችን ካልለየ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ልዩ ሁኔታ መሆኑን የሚወስነው ማን ነው፤ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ወይስ ነጂው? ሁለተኛው ሰው የጠፋው በመነሻ ጣቢያ ነው ወይስ በመንገድ ላይ? በመነሻ ላይ ከሆነ ተጠባባቂ መፈለግ ይቻላል፤ በመንገድ ላይ ከሆነ ባቡሩን ሞልቶ ማቆም ሌላ አደጋ አለው። ከሁሉ የሚከብደው ክፍት የሥራ መደብ ነው። አንድ ሰው በድንገት ቢታመም ልዩ ሁኔታ ነው፤ ጡረታ በወጣ ሰው ምትክ ሳይቀጠር ስድስት ወር ቢያልፍና ባቡሩ በየቀኑ ያለ ሁለተኛ ሰው ቢሄድስ? ይህን የሚከለክል ቃል ከሌለ ልዩ የተባለው ሁኔታ ልማድ ይሆናል። ያለ ሁለተኛ ሰው የሄደ ባቡር ሁሉ ቁጥሩና ምክንያቱ ተመዝግቦ ለማኅበሩ ካልደረሰ ደግሞ ክርክሩ የሚሆነው በወሬ ነው።

ዊልቼር የሚጠቀም መንገደኛ ይህን አንቀጽ በሥጋው ያውቀዋል። በሳውዘርን መስመር ሠራተኛ የማይገኝባቸው ወይም በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚገኝባቸው ጣቢያዎች አሉ። ባቡሩ ላይ ሁለተኛ ሰው ከሌለ፣ ጣቢያውም ባዶ ከሆነ፣ መወጣጫውን የሚዘረጋ የለም፤ ነጂው ክፍሉን ትቶ አይመጣም። ለመንግሥት የሚያማክረው የአካል ጉዳተኞች ትራንስፖርት ኮሚቴ ሠራተኛ የሌለው ጣቢያና ነጂ ብቻ ያለው ባቡር አብረው ሲመጡ አደገኛ ናቸው ብሎ ሚኒስቴሩን አስጠንቅቆ ነበር። በሕዝብ ዘንድ ግን ከካሜራውና ከሰከንዱ ክርክር ያነሰ ቦታ ነው ያገኘው፤ ሊሆን የሚገባው የተገላቢጦሽ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው?

መንግሥት የቀጠራቸው የባቡር ባለሙያ ክሪስ ጊብ ሪፖርታቸውን በ2016 መጨረሻ ጨርሰው ሰጡ፤ የታተመው ግን በጁን 2017 ነው። ሐዲዱ አስተማማኝ አይደለም፣ መርሐ ግብሩ ትንፋሽ አይሰጥም፣ ጣቢያዎቹ ተጨናንቀዋል፣ የባቡር ማደሪያዎቹ ሞልተዋል አሉ፤ በዚህ ላይ ሥርዓቱን የጣለው የሠራተኞቹ እርምጃ ነው ሲሉ ደመደሙ። መንግሥት የወሰደው የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሆኖም ለመስመሩ ጥገና 300 ሚሊዮን ፓውንድ መድቧል። የኦዲት ሪፖርቱ ሰፋ አድርጎ ያየዋል፦ ውሉ ከተጀመረ ወዲህ በጠቅላላው የጂቲአር አገልግሎት 7.7 በመቶ የሚሆነው ባቡር ተሰርዟል ወይም ከ30 ደቂቃ በላይ ዘግይቷል፤ በተቀረው አገር ይህ 2.8 በመቶ ነው።

በዚያው በ2016 ስኮትላንድ ውስጥ ያው አርኤምቲ ከስኮትሬል ጋር በዚሁ ጉዳይ ተጋጨ። አዳዲስ የኤሌክትሪክ ባቡሮች እየመጡ ነበር፤ ኩባንያው በሩን ነጂው እንዲቆጣጠር ፈለገ፤ በአውሮፓ የበጋ ወራት አድማ ተደረገ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ተስማሙ፦ ነጂው በሩን ይከፍታል፣ ኮንዳክተሩ ይዘጋል። በመክፈት በኩል ባቡሩ እንደቆመ ወዲያው ስለሚከፈት ሰዓት ይቆጠባል፤ አደጋ ያለበት መዝጋቱና ማስነሳቱ ግን መሳፈሪያው ላይ ቆሞ በሚያይ ሰው እጅ ይቀራል። የምሥራቅ እንግሊዙ ባቡር ኩባንያ ግሬተር አንግሊያም በ2018 ከዚህ ጋር የተቀራረበ ስምምነት አድርጓል። በሳውዘርን ይህ መንገድ ለምን አልተሞከረም? ባቡሩ ያለ ሁለተኛ ሰው መሄድ እንዲችል ስለተፈለገ ነው፤ ኮንዳክተሩ ይዘጋል ከተባለ ያለ እሱ መሄድ አይቻልም። ስኮትሬል ባቡሮቹ እንዲፈጥኑለት፣ ሳውዘርን ደግሞ ሁለቱን ሠራተኞች የማገናኘት ግዴታ እንዲቀርለት ነበር የፈለጉት። ሁለቱን በአንድ ስም «የበር ክርክር» ብሎ መጥራት ልዩነቱን ይሸፍነዋል።

ማርች 1 ቀን 2017 አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ሕግ ለአድማ ከአባላቱ ቢያንስ ግማሹ ድምፅ መስጠት ነበረባቸው፤ እንደ መንገደኛ ትራንስፖርት ባሉ አገልግሎቶች ደግሞ መምረጥ ከሚችሉት ሁሉ 40 በመቶው አድማውን መደገፍ ነበረባቸው። ማስጠንቀቂያው ከ7 ወደ 14 ቀን ከፍ አለ፤ ድምፁም የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነበር። ማኅበራቱ ፈራነው ያሉት ሕግ ቢሆንም በባቡር ላይ ያን ያህል አልገታቸውም፤ ኮንዳክተሮችና ነጂዎች በብዛት ወጥተው ነው ድምፅ የሚሰጡት።

በዲሴምበር 2022 አገር አቀፉ የደመወዝ አድማ እየተካሄደ ሳለ ኩባንያዎቹ ለአርኤምቲ በሁለት ዓመት 4 እና 4 በመቶ ጭማሪ አቀረቡ፤ በሰነዱ ውስጥ ነጂው ብቻውን የሚሠራበት አሠራር በሁሉም ኩባንያዎች እንዲስፋፋ የሚል ቅድመ ሁኔታ ገብቶበት ነበር። ማኅበሩ ወዲያው መለሰው። ቀጥሎ በመጡት የስምምነት ሐሳቦች ያ ቅድመ ሁኔታ አልነበረም፤ በኖቬምበር 2023 አባላቱ ያጸደቁትም ያለ እሱ የቀረበውን ነው።